ፍጥነቱን ቀንሰን እንየው

«ኮምፒውተሩ ታሟል፤ ፎርማት ይደረግ።» በሠፈራችን በገላን ኮንዶሚኒየም ስለ ኮምፒውተር ከሚሰጡት ምክሮች ሁሉ የሚዘወተረው ይኸው ነው። ማሽኑ በሥራ መካከል ደርቆ ቢቀር ፎርማት፤ ሰማያዊ ገጽ አሳይቶ ራሱን አጥፍቶ ቢነሣ ፎርማት፤ አንድ ፋይል አልከፈት ቢል አሁንም ፎርማት። ለራስ ምታትም፣ ለወባም፣ ለተሰበረ እግርም አንዲቱኑ ክኒን እንደሚያዝ ሐኪም ማለት ነው። እኔ በበኩሌ በዚህ ልማድ አልስማማም። ከፎርማት በፊት ሊሞከር የሚገባው፣ ገንዘብ የማይጠይቅና አንዳች ፋይል የማያጠፋ አንድ ሥራ አለ፤ ይኸውም የራሙን ፍጥነት መደበኛ ወደ ሆነው ልክ ዝቅ አድርጎ ማየት ነው። ይህ አሳብ በክፍል ጓደኞቼ ዘንድ ብዙ ክርክር ያስነሣ ስለሆነ፣ በዘንድሮው መጽሔታችን ላይ ምክንያቶቼን ዘርዘር አድርጌ ላቀርብ ወደድሁ።

ነገሩ እንግዳ ለሚሆንባቸው ወላጆቻችን ስል አስቀድሜ ራም ምን እንደሆነ ባጭሩ ልግለጽ። ራም ማለት ኮምፒውተሩ አሁን በእጁ የያዘውን ሥራ የሚያኖርበት ጊዜያዊ ማስታወሻው ነው። የምንጽፈው ጽሑፍ ወደ ዲስኩ እስኪገባ ድረስ የሚቆየው በዚያ ነው፤ መብራት ድንገት ሲጠፋ ጽሑፉ አብሮ የሚጠፋውም ስለዚህ ነው። ዛሬ የምንጠቀምበትን የራም ዐይነት የፈለሰፈው ሮበርት ዴናርድ የተባለ የአይ ቢ ኤም መሐንዲስ ሲሆን፣ የፈጠራ መብቱን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። የአሳቡ ቅለት ያስገርማል። እያንዳንዷ የመረጃ ቅንጣት ኤሌክትሪክ በምትይዝ እጅግ ጥቃቅን ጋን ውስጥ ትቀመጣለች፤ ጋኗ ሞልታ ከተገኘች አንድ፣ ባዶ ከሆነች ዜሮ ተብላ ትነበባለች። ነገር ግን ጋኗ ታፈሳለች። ስለሆነም ሁሉም ጋኖች በየ64 ሚሊ ሴኮንዱ፣ ማለት በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ዐሥራ አምስት ጊዜ ያህል፣ እንደገና ሊሞሉ ይገባል። 8 ጊጋ ባይት በሚባለው በአንድ ራም ላይ እንዲህ ያሉ ጋኖች ወደ 69 ቢሊዮን ይጠጋሉ። ከእነዚህ ሁሉ አንዲቱ ብቻ ብትሳሳት ፊደል ሊለወጥ፣ ፎቶግራፍ ሊበላሽ፣ ኮምፒውተሩም ራሱ ሊወድቅ ይችላል።

ፍጥነት የምንለው እንግዲህ እነዚህ ጋኖች የሚጠየቁበትና መልስ የሚሰጡበት ፍጥነት ነው። በራሙ ላይ 3200 ተብሎ የተጻፈ እንደሆነ፣ በእያንዳንዱ መስመር ላይ መረጃው በሴኮንድ 3200 ሚሊዮን ጊዜ ይመላለሳል ማለት ነው። አንድ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ በዓይነ ሕሊናችን እንመልከት። በየአምስት ደቂቃው አንድ ፋይል ቢጠየቅ ፈልጎ ትክክለኛውን ያቀርባል። በየደቂቃው ቢጠየቅ ላብ ያልበዋል፤ ቢሆንም ያቀርባል። በየዐሥር ሴኮንዱ ቢጠየቅ ግን አንድ ቀን የአንዱን ፋይል ለሌላው ማቀበሉ አይቀርም። ክፋቱ መሳሳቱ ብቻ አይደለም፤ መሳሳቱን እርሱም ጠያቂውም አለማወቃቸው ነው። በቤታችን ያለው ተራ ራም ልክ እንደዚህ ሠራተኛ ነው። የተሳሳተውንም የታረመውንም በአንድ ዐይነት ድምፅ «እነሆ» ብሎ ያቀብላል።

እዚህ ላይ ገዢው ሕዝብ በብዛት የማያውቀው ነገር አለ። ጄዴክ የተባለ የኢንዱስትሪው ማኅበር የራምን ደንብ ያወጣል። ዲ ዲ አር 4 ለሚባለው ራም እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው ደንብ ግፊቱን 1.2 ቮልት አድርጎ፣ ፍጥነቱንም ከ1600 እስከ 3200 በሚደርሱ ደረጃዎች ከፍሎ መደበ። ነገር ግን ለጨዋታና ለቪዲዮ ሥራ ተብለው በሚያምር ብረት ተሸፍነው የሚሸጡት ራሞች ላይ በትልቁ የሚጻፈው ቁጥር ብዙውን ጊዜ የራሙ መደበኛ ፍጥነት አይደለም። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2007 ኤክስ ኤም ፒ የተባለ አሠራር አመጣ፤ ኤ ኤም ዲም እ.ኤ.አ. በ2022 ኤክስፖ የተባለውን አስከተለ። በእነዚህ አሠራሮች መሠረት በራሙ ላይ በተለጠፈች ትንሽ ቺፕ ውስጥ ሁለት ዐይነት ልክ ተጽፎ ይገኛል። አንደኛው መደበኛው ልክ ነው፤ ለምሳሌ 2133 ወይም 2400 በ1.2 ቮልት። ሁለተኛው ከመደበኛው በላይ የሚያስሮጠው ልክ ነው፤ ለምሳሌ 3200 በ1.35 ቮልት። በካርቶኑ ላይ የሚጻፈው ሁለተኛው ነው። ሠሪዎቹም ራሳቸው ይህን ከልክ በላይ ማስሮጥ ብለው ይጠሩታል፤ ዋስትናንም ሊያስቀር እንደሚችል በደቃቅ ፊደል ያስጠነቅቃሉ። ደቃቁን ፊደል ግን ማን ያነባል!

ከሠፈራችን ብዙ ሳይርቅ ከቱሉ ዲምቱ በኩል የሚነሣው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ እ.ኤ.አ. በ2014 ለአገልግሎት ሲከፈት እስከ 120 ኪሎ ሜትር በሰዓት የሚኬድበት መንገድ ሆኖ ነው። ቢሆንም 120 የሚለውን ምልክት ያየ ሾፌር ሁሉ፣ ሰውም ሻንጣም የሞላ አሮጌ ሚኒባሱን በዚያ ፍጥነት አይነዳም። የሚነዳ ቢኖርም ተሳፋሪው «ውረድ አውርደኝ» ይለዋል። በራም ላይ የተጻፈው ቁጥርም እንደዚሁ ነው። ራሙ ለብቻው ያንን ፍጥነት ይችለው ይሆናል፤ አብረውት የሚሄዱት ፕሮሰሰሩና ማዘርቦርዱ ግን መቻላቸው በካርቶኑ ላይ አልተጻፈም።

ለዚህ ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ ኤ ኤም ዲ እ.ኤ.አ. በ2017 ስለ መጀመሪያዎቹ የራይዘን ፕሮሰሰሮች ያወጣው ሠንጠረዥ ነው። ቺፖቹ በአንድ ረድፍ የተደረደሩ ሁለት ራሞች ሲገቡበት የሚፈቀደው ፍጥነት 2667 ነው። አራት ሲሆኑ ወደ 2133 ይወርዳል። አራቱም ባለ ሁለት ረድፍ ከሆኑ ደግሞ 1866 ብቻ ይሆናል። ፕሮሰሰሩ ያው፣ ራሙም ያው ሆኖ ሳለ፣ ሸክሙ ሲበዛ ፍጥነቱ መቀነስ እንዳለበት ሠሪው ራሱ ጽፎ ሰጥቷል። እኛ ግን ራም ስንጨምር ፍጥነቱም አብሮ የሚጨምር ይመስለናል።

ከብሎካችን ምድር ቤት የሠርግና የልደት ቪዲዮ የሚያቀናብር አንድ ሱቅ አለ። የሱቁ ኮምፒውተር እንዲህ ያለ የመጀመሪያው ራይዘን ሲሆን፣ ሁለት ራም ነበሩት። ባለፈው ዓመት ከጥምቀት በኋላ የሠርጉ ሥራ ሲበዛባቸው ባለቤቱ ሁለት ተጨማሪ ራም ገዙ፤ የገጠመላቸውም ሰው ኤክስ ኤም ፒውን ከፍቶ አራቱንም 3200 ላይ አቆመላቸው። ጠዋት ጠዋት ማሽኑ ደኅና ይሠራል። ከሰዓት በኋላ ግን ሱቁ ሲሞቅ፣ ቪዲዮው ተጠናቆ ሊወጣ ጥቂት ሲቀረው ይደርቃል። በአንድ ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ፎርማት ተደረገ፤ ለእያንዳንዱም ተከፈለ። በሦስተኛው ጊዜ ዊንዶውሱ ራሱ ሲጫን መንገድ ላይ «ፋይሉ ተበላሽቷል» ብሎ ቆመ። የጠጋኙም ፍርድ ማዘርቦርዱ ይለወጥ የሚል ሆነ። በዚህ መካከል ሁለት ሙሽሮች ሠርጋቸው ካለፈ ከሁለት ወር በኋላ ገና ቪዲዮአቸውን ይጠብቃሉ፤ የሙሽራዪቱ እናትም በየሁለት ቀኑ እየመጡ ከሱቁ በር ላይ ይቀመጡ ነበር።

የባለቤቱ ልጅ ጓደኛዬ ስለሆነ ማሽኑን እንዳየው ተጠራሁ። ሜምቴስት 86 የሚባለውን፣ ክሪስ ብሬዲ የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1994 መጀመሪያ የጻፈውን የራም መመርመሪያ በፍላሽ ይዤ ሄድሁ። አንድ ሰዓት ሳይሞላው ገጹ በቀይ መስመር ተሞላ። ቀጥዬ ወደ ባዮስ ገብቼ ፍጥነቱን 2133 ላይ አደረግሁና ሌሊቱን ሙሉ ሲመረምር እንዲያድር ተውነው። ጠዋት ስሕተቱ ዜሮ ነበር። ባለቤቱ ግን ደስ አላላቸውም።

«አንተ ልጅ፣» አሉኝ፣ «እኔ ገንዘቤን ከፍዬ የገዛሁትን ፍጥነት ነው የምታስቀንሰኝ?»

«ጋሼ፣ ፍጥነቱማ መቼ ደረሰዎት?» አልኋቸው። «ሦስት ጊዜ ጀምሮ ሦስት ጊዜ የወደቀ ቪዲዮ ስንት ቀን ፈጀ?»

ጥቂት ዝም ብለው ቆይተው ሣቁ። በማግሥቱ ደረጃ በደረጃ ከፍ እያደረግን ሞከርነው። 2400 ላይ ስሕተት አልተገኘም፤ 2666 ላይ በአራተኛው ዙር ሁለት ስሕተት ታየ። እኔ ለሙቀቱ ቀን መጠባበቂያ እንዲሆን 2133 ላይ ይቅር አልሁ፤ እርሳቸው 2400ን መረጡ። የቪዲዮው ሥራ ቀድሞ አንድ ሻይ እስኪጠጣ ያልቅ የነበረው፣ አሁን ሻዩ ካለቀ በኋላ ጥቂት ያስጠብቃል። ማዘርቦርዱ አልተለወጠም። የሙሽራዪቱም እናት ቪዲዮአቸውን ይዘው ሄዱ።

ይህን ስናገር አንዳንድ ጓደኞቼ የሚያነሡት ተቃውሞ አለ፤ ተቃውሞውም ከንቱ አይደለም። «ፍጥነቱን መቀነስ በሽታውን መሸፈን ነው፤ 3200 ተብሎ የተሸጠ ራም 3200 ካልሄደ ይመለስ እንጂ ለምን ይታዘንለታል?» ይላሉ። እርግጥ ነው፣ ራሙ ብቻውን ሆኖ በመደበኛው ልክ እንኳ ስሕተት የሚያሳይ ከሆነ የተበላሸ ነው፤ ይመለስ። ፍጥነት መቀነሱ ያን ጊዜ ማታለያ እንጂ መድኃኒት አይሆንም። ነገር ግን ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው ይህ አይደለም። እያንዳንዱ ራም ለብቻው ሲመረመር ንጹሕ ሆኖ፣ አንድ ላይ ሲጠመዱ የሚሳሳቱ አሉ። በተለይ አንዱ ዘንድሮ አንዱ አምና ከተለያየ ሱቅ የተገዙ፣ ከውጭ አንድ መስለው በውስጥ ቺፖቻቸው የተለያዩ ሲሆኑ እንዲህ ያደርጋሉ። ጠንካራ በሬና ደካማ በሬ አንድ ቀንበር ሥር ሲገቡ፣ ብልህ ገበሬ በደካማው እርምጃ ያርሳል እንጂ ደካማውን አይገርፍም።

ሌሎች ደግሞ ቮልቱን ከፍ ማድረግ ይሻላል ይላሉ። በእውነቱ አንዳንድ ጊዜ ይሠራል። ሆኖም ቮልት ሲጨምር ሙቀት ይጨምራል፤ ሙቀት ሲጨምር ጋኖቹ ይበልጥ ያፈሳሉ። ለጨዋታው ሲል ማሽኑን ለመሠዋት የፈቀደ ሰው እንደ ወደደ ያድርግ። የቤተ ሰብ ብቸኛ ኮምፒውተር ላይ ግን ይህን የሚሞክር ተማሪ ምክሬን ቢሰማ ይሻለዋል።

ፎርማትን የምቃወምበት ዋናው ምክንያት ግን ከዚህ ሁሉ የከፋ ነው። ራሙ እየተሳሳተ ሳለ ዊንዶውስ እንደ ገና ቢጫን፣ የሚጫነው እያንዳንዱ ፋይል በዚያው በሚሳሳተው ራም ውስጥ አልፎ ነው ወደ ዲስኩ የሚገባው። በጭቃ እጅ ልብስ እንደ ማጠብ ያለ ሥራ ነው። የደረቀ ማሽን ቢያንስ መታመሙን ይናገራል። ሳይደርቅ በዝምታ የሚሳሳተው ግን የአባታችንን የሒሳብ መዝገብ አንድ አኃዝ ለውጦ፣ የሕፃንነት ፎቶግራፋችንን ግማሹን አመድ አድርጎ ያስቀምጠዋል። ከዓመት በኋላ ስንከፍተው ማን እንዳጠፋው አይታወቅም።

ይህ በእኛ በተማሪዎች ላይ ብቻ የሚደርስ አይምሰላችሁ። ሊኑክስ የተባለውን ሥርዓት የጀመረው ሊኑስ ቶርቫልድስ እንኳ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2022 የገዛ ኮምፒውተሩ ያለ ምክንያት ሲወድቅበት መጀመሪያ የጠረጠረው ፕሮግራሙን ነበር፤ በኋላ ሲመረመር ጥፋቱ የአንድ ራም ሆነ። የእርሱ ራም የተበላሸ እንጂ ከልክ በላይ የሮጠ አልነበረም። ቢሆንም እንዲህ ያለ ሊቅ ወደ ራሙ ለመመልከት ከዘገየ፣ የእኛ ሠፈር ጠጋኝ ቢዘገይ አይፈረድበትም። ጉግልና የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ጥናትም ከጉግል ኮምፒውተሮች ሢሶ ያህሉ በዓመት ውስጥ ቢያንስ አንድ የራም ስሕተት እንደሚያሳዩ ተገኝቷል። እነዚያ ማሽኖች ስሕተታቸውን ራሳቸው የሚያርሙበት ልዩ ራም ነበራቸው። የእኛዎቹ የላቸውም።

«መብራቱ ነው ያበላሸው» የሚሉም አሉ። መብራት ብዙ ነገር እንደሚያበላሽ የገላን ነዋሪ ሁሉ ምስክር ነው፤ ፍሪጅም ቴሌቪዥንም ያጣን አለን። ነገር ግን ሁሉን በመብራት ማሳበብ ሁሉን በፎርማት ከማከም አይለይም። እኔ የምለይበት መንገድ እንዲህ ነው። ማሽኑ አንዳች ሳይናገር ድንገት ድርግም ብሎ ከጠፋ መብራቱን ወይም ፓወር ሳፕላዩን እጠረጥራለሁ። አንድ ፕሮግራም ብቻ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ የሚወድቅ ከሆነ ፕሮግራሙን እጠረጥራለሁ። ነገር ግን ዛሬ በዎርድ፣ ነገ በብራውዘር፣ ከነገ ወዲያ በጨዋታ፣ ሰማያዊውም ገጽ የሚያወጣው ቃል በየጊዜው የተለያየ ሲሆን፣ ያን ጊዜ ራሙን እጠይቃለሁ።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። ኮምፒውተሩ ሲነሣ ዲሊት ወይም ኤፍ 2 የሚለውን ቁልፍ ደጋግሞ ተጭኖ ወደ ባዮስ መግባት ነው። ኤክስ ኤም ፒ የሚለው ከተከፈተ መዝጋት፤ በአንዳንድ ማዘርቦርድ ዶኬፕ ተብሎ ይጻፋል። ከመለወጥ በፊት የነበረውን ገጽ በስልክ ፎቶ ማንሣት አይከፋም። ከዚያ ሜምቴስትን ቢያንስ አራት ዙር ማስኬድ ነው፤ አንድ ስሕተት እንኳ ቢታይ «አንድማ ምን አላት» ማለት አይገባም። ማሽኑ አልነሣም ቢል ነቅሎ፣ የሳንቲም ቅርጽ ያላትን ባትሪ ለጥቂት ደቂቃ አውጥቶ መመለስ ወደ ቀድሞው ይመልሰዋል። ከውጭ አገር ቢሮዎች ተሠርቶባቸው በሚመጡት የዴልና የኤች ፒ ማሽኖች ላይ ግን፣ በላፕቶፕም ላይ እንደዚሁ፣ ይህ ምርጫ ብዙውን ጊዜ አይገኝም፤ ከፋብሪካ መደበኛው ልክ ላይ የታሰሩ ናቸው። በእነርሱ ላይ የሚደረገው ራሞቹን አንድ በአንድ እያወጡ መመርመር፣ የወርቅ ጥርሶቹንም በንጹሕ ላጲስ ጠርጎ መመለስ ነው።

ለሻጮችም አንድ ቃል አለኝ። ራም ሊገዛ የመጣን ሰው «ስንት ራም አለህ? ፕሮሰሰርህ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ቁጥሩ ትልቅ የሆነውን አንሥቶ መስጠት ይቀላል፤ ደንበኛውም ትልቅ ቁጥር ይወዳል። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚለውን አያቶቻችን የተረቱት ራም ሳይኖር ነው፤ ለሻጩም ለገዢውም ይስማማል።

ይህን ሁሉ በትምህርት ቤት መጽሔት ላይ መጻፌ ያለ ምክንያት አይደለም። የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ለአንዳንድ ተማሪዎች በኮምፒውተር ይሰጣል። ተማሪ ለዓመታት ያጠናውን በአንድ ማሽን ፊት ተቀምጦ በሚመልስበት ሰዓት፣ ማሽኑ ሲደርቅ የሚፈጠረውን ድንጋጤ ማሰብ አያቅትም። ጥያቄው ቢመለስለትም ልቡ አይመለስም። የፈተና ማሽን የሚመረጠው በፍጥነቱ አይደለም። ጥያቄ አሳይቶ መልስ ለመቀበል 2133 ከበቂም በላይ ነው።

ስለዚህ ለመምህራኖቻችን የማቀርበው አሳብ ይህ ነው። በኮምፒውተር ላቦራቶሪያችን ውስጥ ያሉት ማሽኖች በየሴሚስተሩ አንድ ጊዜ ራማቸው ይመርመር፤ የእያንዳንዱም ፍጥነት ተጽፎ ከጎኑ ይለጠፍ። ለዚህ የሚያስፈልገው ጥቂት ፍላሽና ዓርብ ማታ ማሽኖቹን ሳያጠፉ መሄድ ነው። የላቦራቶሪው ኃላፊ ቁልፉን ከፈቀዱልን፣ ቅዳሜ ጠዋት መጥተን ውጤቱን በመዝገብ የምንጽፍ አምስት ተማሪዎች ተዘጋጅተናል።